ጥሬ ገንዘቡ ለቅናሽ መደብሩ፣ ዱቤው ለሰፈሩ ሱቅ!



ባለፈው ሳምንት በዚሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ የጽዳት መዋጮ ዝርዝራችን ላይ ተደርቦ፣ ጸሐፊው ስሙን ያልገለጸበት አንድ ወረቀት ተለጥፎ ተገኝቷል። ወረቀቱ በአጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ የማኅበሩ ኮሚቴ የባለሱቆች ጠበቃ ሆኗል፤ ሕዝቡ ከዋናው መንገድ ማዶ የተከፈተው ባለብዙ ቅርንጫፍ ሱፐርማርኬት ሄዶ በቅናሽ እንዳይገዛ ይከላከላል፤ ለዚህም አንድ ነገር በእጁ ሳይገባ አይቀርም።

ወረቀቱን አልቀደድነውም። አሁንም እዚያው አለ። ያላነበበ ያንብበው፣ ከዚያም ይህን የኛን ያንብብ።

በእጃችሁ ገባ ስለተባለው ነገር ብዙ አንልም። የማኅበሩ የገቢና የወጪ መዝገብ ዘወትር ረቡዕና ዓርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው። ስም የሌለው ወረቀት ጽፎ በሌሊት ከመለጠፍ፣ ስም ይዞ በቀን መጥቶ መዝገብ ማገላበጥ አይቀልም እንዴ?

ደግሞስ ሱፐርማርኬቱ አትሂዱ ያለ ማን ነው? እኛም እንሄዳለን። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን፣ እርሳስና ደብተር ይዘን፣ ለዚሁ ጉዳይ ብለን ሄደን ነበር። የሚመሰገነው ይመስገን። በየዕቃው ሥር ዋጋው ተጽፏል። ደረሰኝ ሳትጠይቁ ይሰጣችኋል። የዕቃውን የመጠቀሚያ ጊዜ አገላብጣችሁ ብታዩ የሚቆጣ የለም። ሕፃን ልጅ ብትልኩ ከአዋቂው የተለየ ዋጋ አይከፍልም። ይህ ሁሉ የሰፈራችን ሱቆች ያላደረጉት ነገር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ሁሉ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ እያዘዘ የኛዎቹ ግን ዛሬም ዋጋውን የሚናገሩት የገዢውን ፊት አይተው ነው። በዚህ እናፍርባቸዋለን፣ ነግረናቸዋልም።

ነገር ግን ቅናሽ የሚለውን ቢጫ ወረቀት ያየ ሁሉ ቅናሽ አገኘ ማለት አይደለም። ወረቀቱ የተለጠፈበትን አንድ እሽግ ክክ አነሳን። ዋጋው ከሰፈራችን ሱቅ በእውነት ያንሳል። እሽጉን ገልብጠን ስናነብ 900 ግራም ይላል። የሰፈራችን ሱቅ የሚሸጠው ደግሞ ኪሎ ነው። ሒሳቡን እንዲህ አስቡት፤ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ለምሳሌ ብቻ ያዙት። 900 ግራሙ 180 ብር፣ ኪሎው 196 ብር ቢሆን፣ ዐይናችን የሚያየው የ16 ብር ቅናሽ ነው። 180ን ለ9 አካፍላችሁ በ10 ስታባዙት ግን ኪሎው 200 ብር ይመጣል። ረከሰ ያልነው በ4 ብር ተወደደ ማለት ነው። እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ሰዎች በአጥር ሥር ቁጭ ብለን ያሰላነውን፣ ዲግሪ ያለው ልጃችን በጋሪ እየገፋ ሲያልፈው አይተናል።

ሁለት ሲገዙ አንድ በነፃ የተባለው ብስኩትም የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ አራት ቀን ነበር የቀረው። ቤቱ ልጆች የሞሉበት ሰው ይጠቀምበታል፣ አንከራከርም። ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ግን ሦስት እሽግ ብስኩት በአራት ቀን ምን ያደርገዋል? የታክሲው ሒሳብም አለ። ዘይትና ሳሙና ብሎ ገብቶ ሌላ ነገር ይዞ መውጣትም አለ። ከሦስታችን አንዱ፣ ስሙን አንጠራም፣ የፕላስቲክ አበባ ይዞ ወጥቷል።

ቅናሽ መደብር የሚባለው ነገር ስሙ የገነነው ጀርመን አገር ነው። እዚያ የምትኖር የጎረቤታችን ልጅ ለፋሲካ መጥታ በነበረ ጊዜ ጠይቀናት ብዙ አጫውታናለች። ኤሰን በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 አንዲት እናት ልክ እንደኛ ዓይነት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍታ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካርልና ቴዎ አልብሬክት የተባሉት ልጆቿ ተረከቡና አልዲ የሚባለውን ድርጅት አቆሙ። አልዲ ማለት አልብሬክት ዲስካውንት ማለት ነው። ሌሎቹ መደብሮች ለደንበኛ ቴምብር እየሰጡ፣ ቴምብሩ ሲጠራቀም ትንሽ ገንዘብ ይመልሱ ነበር። ወንድማማቾቹ ግን ቴምብሩን ትተው በሕግ የተፈቀደውን 3 ከመቶ ከመጀመሪያው ከዋጋው ላይ ቀነሱት። ኋላ ሲጋራ እንሽጥ አንሽጥ ሲሉ ተጣልተው ሱቆቻቸውን ሰሜንና ደቡብ ብለው ተካፈሉ። ቁጠባቸውም ለጉድ ነው፦ ቴዎ በ1971 በሽፍቶች ታግቶ በብዙ ሚሊዮን ማርክ ከተለቀቀ በኋላ፣ የከፈልኩት ገንዘብ የንግድ ወጪ ነውና ከግብር ይታሰብልኝ ብሎ ተከራክሯል ይባላል።

ታዲያ እነሱ እንዴት አረከሱት? ልጅቱ እንደነገረችን፣ ብልሃቱ ሁሉም ሰው የሚያየው ነው። የዕቃው ዓይነት ጥቂት ነው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ አይደረደርም፤ ካርቶኑ ተቀዶ እዚያው ወለል ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛው ጥቂት ነው። ጋሪ የፈለገ ሳንቲም ከትቶ ይወስዳል፣ ሳንቲሙን የሚያገኘው ጋሪውን ራሱ ቦታው ሲመልስ ነው። ከረጢቱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። የሚበዛው ዕቃ መደብሩ ራሱ በራሱ ስም ያሳሸገው ነው። ሌላም አለ፦ በዚያ አገር ሕግ ከእሽጉ ዋጋ ሥር የኪሎው ወይም የሊትሩ ዋጋ መጻፍ አለበት። እኛ በእርሳስ የለፋንበት ሒሳብ እዚያ ተሠልቶ ይጠብቃችኋል።

የኛ ሰፈሩስ? ወለሉ እብነ በረድ ነው። መብራቱ ቀን በቀን ይበራል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል። በሩን የሚከፍት አለ፣ ዕቃ የሚሸከም አለ፣ ፌስታል የሚይዝ አለ። ይህን ስንል የሠራተኞቹን እንጀራ ጠልተን አይደለም፤ የሰፈራችን ልጆችም እዚያ ተቀጥረዋል፣ ደስ ብሎናል። ግን የጀርመኑ ወጪውን ቀንሶ ነው ዋጋውን የቀነሰው። ይሄኛው ወጪውን ሳይቀንስ ዋጋ ቀነስኩ ሲል፣ በአሥር ዕቃ ላይ የቀነሰውን በሌላው መቶ ዕቃ ላይ መልሶ ካልያዘ ከየት ያመጣዋል? ስሙን ተበደረ እንጂ ሥራውን አልተበደረም። የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት መስፈርቱን ለሚያሟላ የውጭ ባለሀብት ስለተከፈተ፣ ነገ ደግሞ የባሰ ትልቅ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜም ማንበብ የምንፈልገው የኪሎውን ዋጋ ነው።

እዚህ ድረስ ያለው የሒሳብ ጉዳይ ነው። የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ በኪሱ ያዛል ብለን ዝም ባልን ነበር። ዝም ያላልንበት ምክንያት ሌላ ነው።

በታችኛው በር ያለው ሱቅ ባለቤት ከሁለት ሳምንት በፊት ጽሕፈት ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። ሦስት ደብተር ይዞ ነው የመጣው። ሁለቱ ሞልተዋል፣ ሦስተኛው ተጀምሯል። ሁሉም ዱቤ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ ለማንም ሰው ዱቤ እንደማይሰጥ፣ ነገሩ ካልተስተካከለም ሱቁን ዘግቶ እንደሚሄድ ነገረን። ስም እየጠራ አልከሰሰም። ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እናንተው እዩት አለ።

አየነው። አይተንም አፈርን። በዕዳ የተመዘገቡት ችግረኞቻችን ናቸው ብለን ነበር የጠበቅነው። አንዳንዶቹ ናቸው። የሚበዙት ግን የወር ደመወዝ ያላቸው፣ ቤታቸው ያልጎደለ፣ በየወሩ መጨረሻ ከሱፐርማርኬቱ በሁለት እጃቸው ተሸክመው በዚሁ በሰሌዳው ፊት የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። ከኮሚቴያችን አባላትም ሁለት ሰዎች በደብተሩ ውስጥ አሉ። አንደኛው ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ነው። በማግስቱ ከፍለናል፤ መክፈላችን ግን ሠርተነው የነበረውን አያጠፋውም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው። ደመወዝ ሲገባ ጥሬ ገንዘቡ መንገድ ይሻገራል። በቴሌብር ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይወጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ወሩ ሃያ ሲሞላ ኪስ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ የታችኛው በር ሱቅ ትዝ ይለናል። ልጅ ይላካል፦ "እማዬ ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና ጻፍልኝ ብላለች።" ይጻፋል። ደመወዝ በድጋሚ ሲገባ መንገዱን ስንሻገር በሱቁ በኩል አናልፍም፤ በላይኛው በር ዞረን እንወጣለን። ይህን የምንለው ከሐሜት ሰምተን አይደለም፣ እኛም በላይኛው በር ዞረናል።

አንድ ወንድማችን ይህን ስናነሳበት "ገንዘብ ሲኖረኝ ወደሚያረክስልኝ እሄዳለሁ፣ ሳይኖረኝ ወደሚያምነኝ እሄዳለሁ፣ ምን ጥፋት አለው?" ብሎናል። ለጆሮ ብልህ ነገር ይመስላል። ግን እስቲ በባለሱቁ ወንበር ላይ ቁጭ በሉና እዩት። ጅምላ ሻጩ ለእሱ ዱቤ አይሰጠውም፤ እጅ በእጅ ነው። ኩንታሉን ስኳር በዛሬ ዋጋ ገዝቶ ለእኛ በዱቤ ይበትነዋል። ከሁለት ወር በኋላ ስንከፍለው የምንከፍለው በዚያን ቀን ዋጋ ነው። እሱ ግን ኩንታሉን መልሶ ሲገዛ በአዲሱ ዋጋ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱና የሌላው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደወጣ የማያውቅ የለም። እንግዲህ በዱቤ የሰጠን አሥር ኪሎ ሲመለስለት ዘጠኝ ኪሎም ላይገዛለት ይችላል። ማነው ለማን ቅናሽ ያደረገው? መንገድ ማዶ ያለው ቢጫ ወረቀት ለጥፎ ነው የሚቀንስልን፤ ይሄ ሳይለጥፍ፣ ሳይናገር ነው የቀነሰልን።

ጉዳቱም ባለሱቁ ላይ ብቻ አይቀርም። ያልተከፈለው ዕዳ በሚከፍለው ሰው ኪሎ ላይ ይጫናል። እጅ በእጅ የምትገዛዋ እንጀራ ሻጭ የደመወዝተኛውን ዕዳ በየቀኑ በሳንቲም ትከፍላለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሱቁ ተወደደ ብለን እናማዋለን፤ ተወደደ ብለንም መንገዱን እንሻገራለን።

ዱቤው ሲቆም የሚጎዳው ማን እንደሆነ ደግሞ እንናገር። እኛ ደመወዝተኞቹ አይደለንም፤ እኛ ከባልደረባ እንበደራለን፣ እቁብ እናነሳለን። የሚጎዱት ጡረታቸው ቀኑን ጠብቆ የሚመጣው እናቶቻችን፣ ዝናብ ሲዘንብ ሥራ የሚያጡት የቀን ሠራተኞች፣ ልጃቸው ከዓረብ አገር ገንዘብ እስክትልክ የሚጠብቁት ቤተሰቦች ናቸው። ለእነሱ ዱቤው ምቾት አይደለም፣ ራት ነው። ሱፐርማርኬቱ ሩብ ኪሎ ስኳር አይሰፍርም፣ ሁለት ማንኪያ ቡና ቋጥሮ አይሰጥም፣ ነገ አምጪ አይልም። ልንወቅሰው አንችልም፤ ሥራው አይደለም።

ባለፈው ክረምት በሦስተኛው ረድፍ ቤት ለቅሶ የደረሰ ጊዜ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው አልተገኘም፤ ድንኳንም አልነበረም። የታችኛው በር ሱቅ ግን ተንኳኩቶ ተከፈተ። ቡናው፣ ስኳሩ፣ ሻማው፣ ከሰሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ያን ዕለት ማን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ ብሎ የጻፈ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን እድሩ ቆጥሮ ከፍሏል፣ የእድሩን ዳኛ ጠይቁ። ባለሱቁ የተቀበለውም የተነገረውን ያህል ነው።

ባለሱቁ መልአክ ነው እያልን እንዳይመስላችሁ። ዘይት የጠፋ ጊዜ የለም ብሎን ከጓዳ ሲያወጣ የያዝነው እኛው ነን፤ በዚያን ጊዜ የሰጠነው ማስጠንቀቂያ በመዝገባችን አለ። ሚዛኑም አንዳንድ ቀን ሆዱን ያመዋል። ይህንንም ፊት ለፊት ነግረነው፣ ዋጋውን በወረቀት ጽፎ ለመለጠፍና ሚዛኑን ለማስመርመር ተስማምቷል። እስከ መጪው እሑድ ካላደረገ በዚሁ ሰሌዳ እንጽፍበታለን። ለእሱ ጠበቃ የቆምን የመሰለው ሰው ያን ጊዜ መጥቶ ያንብብ።

ሌሎች ደግሞ ማኅበሩ ለምን እንደ ድሮው የራሱን ሱቅ አይከፍትም ይላሉ። የድሮውን ሱቅ የማናውቀው መስሏቸው ይሆናል። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 በኋላ ቀበሌ ሲቋቋም የተከፈቱትን የኅብረት ሱቆች ታላላቆቻችን አቋቁመዋቸዋል፣ እኛ ደግሞ በልጅነታችን የቤተሰብ ካርድ ይዘን፣ በድንጋይ ወረፋ አስይዘን ተሰልፈንባቸዋል። ስኳርና ሳሙና በመጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይነቃነቃል። ዋጋው ርካሽ ነበር፣ እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃው የሚገኘው ሲመጣ ነው፣ ለካርድ የሌለው አይደርሰውም፣ ጻፍልኝ የሚባል ነገርም አልነበረም። የቀበሌው ሱቅ ካርድ ያውቃል እንጂ ሰው አያውቅም ነበር። ዛሬ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ አለ፣ የእሁድ ገበያም አለ። ሽንኩርትና ድንች፣ ጤፍም ቢሆን፣ ተባብራችሁ በጋራ ከዚያ ብትገዙ እኛም አብረን እንገዛለን፤ ጋሪ እንከራያለን። ከጉሊት እናቶቻችን አንድ መደብ ቲማቲም መግዛትን ግን አትርሱ፣ እነሱም ጎረቤት ናቸው።

ኮሚቴው ባለፈው ማክሰኞ ተሰብስቦ የወሰነውን እናሳውቃለን። በደብተሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስከዚህ ወር መጨረሻ ከባለሱቁ ጋር ተሳስቦ ይጨርስ። በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይምጣ፤ በየወሩ ከፋፍሎ የሚከፍልበትን መንገድ ከባለሱቁ ጋር ተነጋግረን እናመቻቻለን። በእውነት የሌለው ሰው ካለም በር ዘግተን እንነጋገራለን፤ ከማኅበሩ የመረዳጃ ሣጥን የሚቻለውን እናያለን። ባለሱቁም በበኩሉ ዕዳው በዚህ መልክ ከተያዘ ዱቤውን እንደማያቋርጥ ቃል ሰጥቷል።

በስብሰባው ላይ የባለዕዳዎቹ ስም ዝርዝር በዚህ ሰሌዳ ይለጠፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ብዙ ተከራክረንበት በሁለት ድምፅ ብልጫ ወድቋል። አይለጠፍም። ስም የሌለው ወረቀት የጻፈው ሰው ስሙ በደብተሩ ውስጥ ይኑር አይኑር እኛም አናውቅም፣ ለማወቅም አልፈለግንም።

ከማኅበሩ ገንዘብ አንድ ሚዛን ተገዝቷል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ይቀመጣል። ከሰፈሩ ሱቅም ይሁን ከሱፐርማርኬቱ የገዛችሁትን አምጥታችሁ መዝኑ። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው።

የነዋሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት
ጸሐፊው